መዝሙር የተቀዳበት የእንግሊዞቹ ኮንሰርት

ጫልቱዬ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው። ላምባ ጥቂት ስለቀረን ምድጃውን ቶሎ አጥፊው።

ትናንት በሩን በኃይል የዘጋሁት እንዳልኩሽ ራሴን አሞኝ አይደለም።

ከመዘምራን ጓደኞችሽ ጋር የተቀዳችሁበት ካሴት የባለቤቴ የሠረቀብርሃን ነው። የእንግሊዞቹን የጃዝ ሮክ ባንድ ኮንሰርት ከሸክላ የቀዳበት። ሌላ እንዳይቀዳበት ብሎ የሰበረውን የካሴቱን ጥግ በወረቀት መድፈንሽን ሳይ ነው በሩን የዘጋሁት። ከሞተ ወዲህ ከፍቼው ስለማላውቅ አንቺ ከየት ታውቂያለሽ?

ዛሬ ጠዋት ጨክኜ ከፈትኩት። መዝሙራችሁ እንዳለቀ ከኮንሰርቱ የተረፈው ጭብጨባ ቀጠለ። ያ ሁሉ እንግሊዝ ሲያጨበጭብ አንድ ሰው በአማርኛ «ይደገም! ይደገም!» ብሎ ጮኸ።

ሠረቀ ነው! ለካ ሲቀዳ ማይክሮፎኑን ከድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጦ አብሯቸው ያጨበጭብ ነበር። አጠንጥኜ መለስኩት፤ አሁንም ለእናንተ ጮኸ። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ።

እግሬ ቤት አልቀመጥ ስላለኝ እንጦጦ ወጥቻለሁ። ካሴቱን ከቴፑ እንዳታወጪው።

ማታ መዘምራኑን ልጆች ጥሪያቸው። መዝሙሩን ሰምተው እንዳይከሱን በቀበሌው በኩል ያለውን መስኮት እኔ እዘጋለሁ።

ይደገም ተብላችኋል።

ሸዋረጋ