የዓዋጢፍ ሂና

ወይዘሮ ዓዋጢፍ ኢድሪስ ከአባታቸው ከአቶ ኢድሪስ ሐምዱንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲትናፊሳ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1951 በሱዳን በአትባራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በ1964 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኦምዱርማን መጡ።

ዳሉካ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ ያስተማሯቸው አክስታቸው ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሠርግ ላይ መዝፈን ጀመሩ። በ1972 ድምፃቸው በሬዲዮ ተሰማ። በ1974 አቶ ባቢክር አልነዒምን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1977 በቴሌቪዥን ታዩ፤ ከዚያ ወዲህ በከተማው የማያውቃቸው አልነበረም።

በ1979 በግራ እጃቸው የቀለበት ጣት ላይ ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። ሐኪሙ ለምጽ መሆኑን፣ እንደማይተላለፍና እንደማይጠፋ ነገሯቸው። ከበሮ የሚመታን እጅ ግን ሰው ሁሉ ያየዋል። እህታቸው ወይዘሮ ሰዓዲያ በየአሥር ቀኑ በር ዘግተው ሂና ይቀቧቸው ጀመር። ነጩ ሲሰፋ ሂናውም ከጣት ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ክርን ወጣ። ሙሽሮች ጌጥ መስሏቸው እስከ ክርናቸው ተቀቡ፤ ስሙም የዓዋጢፍ ሂና ተባለ። ምክንያቱን የሚያውቁት ባለቤታቸውና እህታቸው ብቻ ነበሩ።

አቶ ባቢክር በሴፕቴምበር 1994 በድንገት ዐረፉ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሂና አትቀባም። ለማጽናናት የመጣ ሁሉ ደግሞ መዳፉን ዘርግቶ ለሟች የቁርኣኑን ፋቲሃ ሲቀራ እሷም ትዘረጋለች። ወይዘሮ ሰዓዲያ ጓንት ገዝተው መጡ።

«ለባቢክር እኮ ነው የምዘረጋው» ብለው ወይዘሮ ዓዋጢፍ ጓንቱን መለሱላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሂናው ለቀቀ። ጎረቤታቸው ሐጃ በኺታ ፋቲሃውን ጨርሰው የወይዘሮ ዓዋጢፍን እጅ ብዙ አዩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ልጆቼን እስከ ክርን ለቅልቄ የዳርኳቸው ለዚህ ኖሯል?»

«አምሮባቸው ነበር እኮ፣ ሐጃ።»

ሐጃ በኺታ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ያን ቀን ከአንድ ትሪ አብረዋቸው በሉ። ከለቀስተኞቹ እጃቸውን አይተው ያልበሉም ነበሩ።

ወይዘሮ ዓዋጢፍ ከዚያ በኋላ ሂና አልተቀቡም። ሁለት ዓመት ሠርግ የጠራቸው አልነበረም። በ1997 የሐጃ በኺታ አራተኛ ልጅ ስትዳር ተጠሩ፤ ሂና ባልነካው እጃቸው ከበሮውን መቱ። ሙሽራዋ እስከ ክርኗ ተቀብታ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የተመለሱት በ2001 ነው፤ ካሜራው እጃቸውን አላሳየም። እስከ 2013 ዘፈኑ።

ከ2014 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ዛሬ ማክሰኞ ማርች 8 ቀን 2016 ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ያጠቧቸው እህታቸውና ሴት ልጆቻቸው ናቸው። በኑዛዜያቸው መሠረት እጃቸው ሂና አልተቀባም። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና እህታቸውን ወይዘሮ ሰዓዲያን ትተው ሄደዋል።

አሁን ፋቲሃ እንቀራለን። እሳቸው እንደዘረጉት እጃችንን እንዘርጋላቸው። አላህ ይማራቸው፤ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግላቸው።