ጋሼ አድማሱ ምን አገኙ?

እሑድ፣ ሜይ 9፣ 2004። ከቀኑ 11 ሰዓት
ዛሬም ባዶ። አራት የቢራ ቆርኪ፣ ሁለት ቀለሃ፣ አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ። ጋሼ አድማሱ ብረት ፈላጊውን ማሽን እያወዛወዙ ከፊት፣ እኔ አካፋ ይዤ ከኋላ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ማሽኑን ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ሰጣቸው። በጮኸ ቁጥር እንደ ሕፃን ይደሰታሉ። ቆርኪ ቢሆንም።

የምንፈልገውን ታውቃለህ፣ ደብተሬ። ባለቤቴ በላይነሽ ለዚህ አገር የነጻነት በዓል ሥጋ ልንጠብስ በወጣን ቀን ባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ የጣለችው የእናቷ የብር ቀለበት። ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ ሱዳንን ያሻገረችው። ልጃችን ኦርሊ በሚቀጥለው ሳምንት ታገባለች። ቀለበቱ የሷ ነው ተብሎ ነበር። በላይነሽ እንቅልፍ የላትም። እኔም።

ሰኞ፣ ሜይ 10። 11 ሰዓት
ከፋብሪካ ስመለስ ጋ/አ (እጄ ስለደከመ ነው የማሳጥረው) ደረጃው ላይ። ጠዋት ብቻቸውን ጫካ ሄደው ኖሯል። ያለ እኔ። እጄን ብዘረጋ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ተገኘ ወይ ብላቸው፣ ትንሽ ቀን ስጠኝ ብለው ሽቅብ ወጡ። ኪሳቸውን በእጃቸው ጭምድድ አድርገው ይዘዋል።
የምን ትንሽ ቀን?

ማክሰኞ፣ ሜይ 11
በላይነሽ እራት አድርስላቸው ብላ ላከችኝ፤ ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ መሬት ላይ አስቀምጠው አሉ። ከእጄ አልተቀበሉም። ውሻ ነኝ? የሚደብቀው ያለው ሰው ነው በሩን ሙሉ የማይከፍት። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር።
ለበላይነሽ፣ አመመኝ ብለዋል አልኳት። ዋሸሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 12። ከሰዓት
ጥርሴን አሞኛል ብዬ ከፋብሪካ ቀረሁ። ተከተልኩት። (አዎ፣ ተከተልኩት። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታ የለም።) የጀልባ ማቆሚያውን አልፎ፣ ሰው ከሌለበት ድንጋዮቹ ዘንድ። ከነልብሱ ባሕር ውስጥ ገባ። ከኪሱ ትንሽ ነገር አውጥቶ አጠበ፣ ደግሞ አጠበ። ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ።
የበላይነሽ ቀለበት ነው። ዓይኔ አይዋሸኝም። አፈሩን እያጸዳ ነው፣ ሊሸጠው።
ሮጬ አንገቱን ማነቅ ነበረብኝ። ከድንጋይ ኋላ ተደብቄ ቀረሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤት፣ ኦርሊን በጀርባው አዝሎ ያሳደገ ሰው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ዘግይቼ ጠረጠርኩ።

ሐሙስ፣ ሜይ 13
ለጥንት ቅርስ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። በዚህ አገር ያለ ፈቃድ በማሽን የጥንት ዕቃ መፈለግ ክልክል ነው። ሰውዬው ጫካው ውስጥ የጥንት ነገር እየቆፈረ ይሸጣል አልኩ። ስሙን፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን ሰጠሁ። የኔን ስም አልሰጠሁም። ሴትየዋ በትሕትና አመሰገነችኝ፤ ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪ ይመጣል።
ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ። እዚህ ካልዋሸሁ፣ ደስ አለኝ።

እሑድ፣ ሜይ 16። ከሥራ መልስ
ትናንት ሰንበት ጸሎት ቤት አልመጣም። ቀርቶ የማያውቅ ሰው። እግዚአብሔርን በምን ፊቱ ይየው። ነገ ሰኞ ነው።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ እንደገባች
ጋሼ አድማሱ መጡ። ነጭ ልብስ፣ ጸጉራቸው እርጥብ። ጉንጬን ሳሙኝ። ቀለበቱን በበላይነሽ መዳፍ ላይ አኖሩት።

ሰኞ ጠዋት ነው ያገኙት። ጃርት የማሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ። እጃቸውን ሲሰዱ ከቀለበቱ ጋር የሰው መንጋጋ ወጣ፣ የድሮ። አጥንቱን መልሰው ቀበሩት። በኛ በኦሪት ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ይርቃል፤ በሦስተኛው ታጠቡ፣ ዛሬ በሰባተኛው ታጠቡ። ቀለበቱም አብሯቸው። ተገኘ ብዬ ብነግራችሁ በላይነሽ ሮጣ ትነካዋለች ብዬ ፈራሁ አሉ። ለሠርግ ቤትስ የሬሳ ወሬ ይነገራል? ራቅ ብዬ ስቆም ታውቃለህ ብዬ ነው፣ የአገራችን ሰው አይደለህም? አሉኝ።

ማወቅ ነበረብኝ። ጎንደር ሳለን አጎቴ ሬሳ ቀብሮ ሲመለስ ሰባት ቀን ምግቡን ከደጅ፣ መሬት ላይ አስቀምጬለታለሁ። በነዚሁ እጆቼ። ሌባ ነው ብዬ አላሰብኩም። አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም አፈርኩ።

በላይነሽ እልል እያለች ነው። እሳቸው ሳሎን ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ኩሽና፣ ቆሜ እጽፋለሁ። መልሼ ደወልኩ፤ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው። ማሽኑን ልደብቅ አሰብኩ። ምን ዋጋ አለው፤ ከጠየቋቸው አጥንቱንም ቀለበቱንም ሳያስቀሩ ይናገራሉ።

ወሰንኩ። ነገ ሥራ አልገባም። ተቆጣጣሪው ሲመጣ በራቸው ላይ ቆሜ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው፣ ለኔ ብለው ነው የቆፈሩት እላለሁ። ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባቸውም። አሁን እነግራቸዋለሁ። በላይነሽ ፊት፣ ሻዩን ሳይጨርሱ። እየጠሩኝ ነው። መጀመሪያ የምላቸው…