ከይቅርታ የሸሸችው እናታችን

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለሀዲስ ወልደ ሐዋርያት፤

እንደምን ከርመሃል? ወገቤን ያመኛል ያልኸኝስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጃችንን ርሆቦትዬን ጉንፋኑ ለቀቃት? እናንተ ዘንድ ፀሐይ ወጣች ሲባል ልቤ ያርፋል፤ ብርዱን ስታወራልኝ እኔ እዚህ እንቀጠቀጣለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ለቁመተ ሥጋ ደህና ነን። ዘጌም ያሉት፣ ባሕር ዳርም ያለነው፣ ጾሙን እየጾምን ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ እሱን ለምደነዋል።

ያልለመድነው ያንተን ነገር ነው። «እማዬ ይቅርታውን ተቀበለች ወይ?» እያልህ በደወልህ ቁጥር ኔትወርኩ እንቢ አለ እያልሁ ስዘጋብህ ከረምሁ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፤ የምመልስልህ ጠፍቶኝ ነው። የኔታ ዘንድ የቆጠርሁት ፊደል አልጠፋኝም ስላልኸኝ፣ የሆነውን ሁሉ ጻፍሁልህ። ቀስ ብለህ አንብበው፤ እየዘለልህ እንዳታነብ።

ያሳደገህ አገር መንግሥት በልጅነታችሁ «ወላጆቻቸው ሞተዋል» በሚል የሐሰት ወረቀት ለማደጎ ስለወሰዳችሁ በአዳራሽ ይቅርታ ሲጠይቃችሁ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ ብለኸኝ ነበር። አሁን ደግሞ ተራው የእናቶቹ ሆነ። እዚህ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ይቅርታው ይነበባል፣ እናቶች ይፈርማሉ፣ ካሳም ይሰጣቸዋል ተባለ። የሚያስተባብረው አቶ አስማማው የሚባል የከተማችን ሰው ነው፤ ከረባቱን ሳይፈታ የሚተኛ ይመስለኛል። እማዬን ከዘጌ በጀልባ አምጥቼ ፋሲሎ እኔ ቤት አሳደርኋት። ነጭ ልብሷን አጥቤ ሰቀልሁላት። ጠዋት ስነሳ ልብሱ እንደተሰቀለ ነው፣ እሷ የለችም።

ከተማውን ሳስስ ውዬ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ምነው እማዬ ብላት፣ «በሰው ፊት ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይን ካሉኝ እንቢ ማለት አልችልም። ይቅር ካልሁ ደግሞ ነገሩ ተቆረጠ፣ ዳግመኛ አይነሳም። እኔ ገና አልጨረስሁም» አለችኝ። ስለ ካሳው ባነሳባት ፊቷ ጠቆረ። ያኔ አንተ ስትሄድ ልጇን ሸጠች ብለው ያሟት ጎረቤቶች ነበሩ፤ አሁን ዋጋው ደረሰላት እንዲሉኝ ነው ወይ አለች። የተቀበሉትን እናቶች ግን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችባቸውም።

እኔ እንደሆንሁ ታውቀኛለህ፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ልጅሽ እረፍት ፈልጎ ይቅር በይልኝ እያለ አንቺ ትሸሻለሽ ወይ ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ትገባለች። መኪና ቆመ ሲባል ጎረቤት ትሄዳለች። የሰው እናት በዳይዋን ስትሸሽ አይቻለሁ፣ ይቅርታ የምትሸሽ ግን የኛይቱ ብቻ ናት። ቤቱ ጨነቀኝ፤ ባሌ ገብረ ክርስቶስ እንኳ ከእኔ ቁጣና ከእሷ ዝምታ መሐል ሲገባ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የሚራመደው።

አቶ አስማማው ግን የዋዛ አይደለም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩን ስከፍት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከፊት የእማዬ የንስሐ አባት አባ ኪዳነ ወልድ መስቀላቸውን ይዘው አሉ። ከዘጌ ድረስ አስመጥቷቸው ነው። ግቡ ብል፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ከኋላቸው ደግሞ እናንተን ከወሰደው የዚያ አገር መሥሪያ ቤት የተላከች ልጅ፣ ከኔ ታንሳለች እንጂ አትበልጠኝም፣ ከደጄ የተነቀለ ኮብልስቶን ማጅራቷ ላይ ተሸክማ አጎንብሳ ቆማለች። የአገሩ ወግ ነው ብሎ ያሸከማት አስማማው ነው። ራሱ ደግሞ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻታል።

እማዬ በጓሮ በር ልትወጣ ነጠላዋን አንሥታ ነበር። አባ ኪዳነ ወልድ «ወለተ ጊዮርጊስ!» ብለው በክርስትና ስሟ ሲጠሯት እግሯ ተያዘ። ወጣች። መስቀል ተሳለመች። ልጅቱን አየቻትና ወደ እሷ ሄዳ ድንጋዩን ከማጅራቷ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው፣ አንገትጌዋን በነጠላዋ ጫፍ አራገፈችላት። ወደ አስማማው ዞራ፣ ይች ልጅ ያኔ አልተወለደች ይሆናል፣ የማንን ድንጋይ ነው ያሸከምሃት፣ ያንንም ስልክህን አጥፋ አለችው። አጠፋ።

ልጅቱ ወረቀቷን አነበበች፣ አስማማው ተረጎመ። «ስህተት ተፈጽሟል» ይላል። እማዬ ሰምታ ሰምታ፣ ስህተት ራሱን አይፈጽምም፣ የፈጸመው ማን ነው፣ በእኛ ወግ የበደለ ሰው በደሉን በአፉ ይናገራል አለች። አስማማው ንግግሯን አለዝቦ ሊተረጉም ሲሞክር ሰማሁትና እኔው ራሴ ለልጅቱ በእንግሊዝኛ ነገርኋት፤ ኮሌጅ ቢሮ የምሠራው በከንቱ አይደለም። ልጅቱ ወረቀቷን አጠፈች። ቀጥሎ የተናገረችውን ከየትም አላነበበችውም። የፈጸመው የእኛ መሥሪያ ቤት ነው አለች። ልጁ እናትም አባትም እንዳለው ተነግሯቸው፣ ወላጅ የለውም ብለው ፈርመዋል። አባታችን መሪጌታ በየዓመቱ ልጄ የት ደረሰ እያለ ሲያስጠይቅ ሰምተዋል፣ አልመለሱለትም። አባታችን መልሱን ሳይሰማ ነው የሞተው።

አባ ኪዳነ ወልድ እንግዲህ በአፏ ተናገረች፣ ስለ መድኃኔዓለም ይቅር በይ አሉ። ሁሉም የእማዬን አፍ ያይ ጀመር። እሷ ግን «አባ፣ ራሷ ይቅር ያልተባለች ሴት እንዴት አድርጋ ይቅር ትላለች?» አለች።

ወንድምዓለም፣ ቀጥሎ ያለችውን እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አንተ የሄድህ ዕለት እኔ ዳዴ እል ነበር። ተምሮ ይመለሳል ብለዋት፣ አባታችንም ታሞ ተኝቶ፣ አጥባ አልብሳ ጀልባው ድረስ በእጇ ይዛ የወሰደችህ እሷ ናት። አልሄድም ብለህ ነጠላዋን ጨብጠህ ነበር። ጣቶችህን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ማንም አይደለም፣ እሷው ናት። «አንዱን ስፈታው አንዱ ይይዘኛል። እነሱ ወረቀት ዋሹ፤ ጣቱን የፈታሁት ግን እኔ ነኝ» አለች። አባ ኪዳነ ወልድ ለዚህ ንስሐ ሰጥቼሽ አልነበረም ወይ ቢሏት፣ እግዚአብሔርስ ይቅር ብሎኝ ይሆናል፣ ልጄ ግን አልተጠየቀም አለቻቸው። ያች ልጅ ይህ ሲተረጎምላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና መጀመሪያ ልጅየው ይጠየቅ፣ ነገሩ እስከዚያ በይደር ይቆይ አሉ። ልጅቱም እስከ ትንሣኤ እዚሁ እቆያለሁ ብላለች። አንተ ዘንድ እንድላክ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። እናቴን በቁጣ ያሳደድሁ ሰው አስታራቂ መሆኔ ያሳፍራል፣ ግን ሌላ ማን አለ? እነሆ ስለ አባታችን አጥንት ብዬ እለምንሃለሁ። አላስገድድህም። ያን ቀን ታስታውሰው እንደሆነ፣ ቂምም ይዘህባት እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄህም አላውቅም። ቂም ካለህ ቂምህን ንገራት፣ ትችለዋለች። ይቅር ካልሃትም በራስህ አፍ፣ በተሰበረው አማርኛህ ንገራት። በእኔ በኩል አትላክባት፣ ዝምም አትበላት። ስትደውል ከእኔ ጋር ወሬ አትጀምር፤ እማዬን አቅርቢልኝ ብቻ በለኝ።

ገብረ ክርስቶስ እጅ ይነሣሃል፤ ጫማውን አሁን ተጫምቷል። ልጄ ጸሎት ለርሆቦትዬ የሐይቁን ወፎች ስላ ልትልክላት ነው፣ ወፎቹ ዝሆን ቢመስሉ እንዳትስቁባት። አባ ኪዳነ ወልድ ይባርኩሃል። የዘጌ ዘመድ ሁሉ በየስሙ ሰላም ብሎሃል። ለባለቤትህ ከእኔ ከእህቷ የከበረ ሰላምታ አድርስልኝ፤ ርሆቦትዬን ጉንጯን ሳምልኝ።

እማዬ ሰላምታ አልላከችልህም። ምን ልበልልሽ ብላት፣ ከመልሱ በፊት በምን አፌ ሰላም እለዋለሁ አለችኝ።

እህትህ ባንቺአየሁ ወልደ ሐዋርያት
ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.