ሩበን የላካት ዱቄት

ሄልሚንግፎርድ፣ ሳፎክ
ኦክቶበር 9 ቀን 1896

ለምወድህ ወንድሜ ለአምብሮዝ፣

እንደምን ከርመሃል? የኦንታሪዮ ብርድ ጉልበትህን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ደከመ እንጂ፣ ከጽሕፈቴ እንደምታየው እጄ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ የምጽፍልህን አንብበህ «አሮጊቷ እህቴ ቃዠች» ብለህ እንዳታልፈው።

ሎይስን ለትዳር የሚፈልጋት ሰው መጥቷል። ዳቦ ጋጋሪው ሚስተር ታልቦት ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። እስከ ገና መልስ እንድትሰጠው ለምኗታል። እሷ ግን «አክስቴ፣ የኬዚያ ልጅ ያቦካችውን ዳቦ ማን ይገዛል?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ቀድታ እንደማትሰጥ ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ታኖርና እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም። ገና ጡት ሳትጥል እናቷ፣ እህታችን፣ «ባሏን መርዛ ገደለች» ተብላ ተሰቀለች፤ ልጅቷ ያንን ፍርድ እስከ ዛሬ በእጇ ይዛው ትዞራለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ወር በእርሻው ውድድር ላይ ሳይለስ ቦርምን አገኘሁት፤ ካንተና ከኬዚያ ባል ከሩበን ጋር በአንድ ጋጣ የሠራውን። ጥርሱ አልቋል፣ ምላሱ ግን እንዳለች ናት። አንደኛ የወጣው ፈረስ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቅ ነበር።

«ይቺ እንኳ የአጃ ሥራ አይደለችም፣ እትዬ ዶርካስ» አለኝ እየሳቀ። «ይሄ ከእኛ ዱቄት ቀምሷል።»

«የምን ዱቄት?»

«የአይጡ መርዝ ነዋ! በቢላ ጫፍ ለፈረሱ፣ ከዚያች ቆንጠር ተደርጋ ለነጂው። ጉንጭ ታቀላለች፣ ጉልበት ትሰጣለች። ሩበን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሆዳም ነበር፤ ልክ አያውቅም።»

«ሩበን መርዝ ይበላ ነበር ነው የምትለኝ?»

«ምነው ደነገጡ? እኔስ እበላ አልነበር? ይኸው ቆሜያለሁ! እኛ ከሄድን ይነቃብናል ብለን ሚስቶቻችንን ነበር የምንልከው። አይጥ አስቸገረን ብለው ይገዙልናል።»

«ታዲያ ኬዚያ ስትሰቀል አፋችሁ የት ነበር?»

ሳቁን ዋጠው። «ምለን ነበራ፣ እትዬ። ጎተራ ውስጥ፣ ዓይናችን ታስሮ፣ የጋጣውን ምስጢር ላናወጣ። ደግሞ ጌቶቻችን ፈረሶቻቸውን ምን እንደምናበላ ቢሰሙ ሁላችንም ደጅ ነን። ያም ሆኖ እኔ ልናገር ነበር፣ እግዜር ያውቃል። አምብሮዝ ነው የከለከለን። ‹እህትነቷ ለእኔ ነው፤ እኔ ዝም ካልኩ እናንተ ምን አገባችሁ?› አለን።»

ጃንጥላዬን ተደግፌ ቆምኩ። ሰዉ ለፈረሱ ያጨበጭባል።

በችሎቱ ቀን ከኋላህ ተቀምጬ ነበር፣ አምብሮዝ። ሕጉ ተከሳሽ ስለ ራሷ እንድትመሰክር አይፈቅድምና፣ ጠበቃዋ «መርዙን ባሏ ለፈረሶቹ ብሎ ልኳት ነው የገዛችው» ሲል ሰዎች ሳቁ። ከዚያ አንተ ተጠራህ፤ የፈረሶቹ አለቃ ነበርክ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሳምክ። ዳኛው ይህ ነገር ለፈረስ ይሰጥ እንደሆነ ሲጠይቁህ ቀጥ ብለህ፣ «አይሰጥም፣ ጌታዬ፤ ለእኛ ፈረሶች አጃና ድርቆሽ ይበቃቸዋል» አልክ። አነጋገርህ ጥርት ያለ ስለነበር ኮራሁብህ። ኬዚያ ቀና ብላ አየችህ። ያን ጊዜ ጥፋቷ የተገለጠባት ሰው አስተያየት መስሎኝ ነበር። ለካ ደጅ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ ወንድሙ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ሲያጠብቅ የሰማ ሰው አስተያየት ነበር።

ስትሰቀል አብረኸኝ አለቀስክ፤ በእኔ መሐረብ። በመርከብ ስትሄድም «ወንድሜ ሐዘኑን አልቻለውም» እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁልህ።

ምዬ ነበር እንዳትለኝ። ሁለት ጊዜ ነው የማልከው፤ አንዱን በጎተራ፣ አንዱን በመጽሐፍ ቅዱስ። የጠበቅከው የጎተራውን ነው።

አሁን የምትሠራውን ልንገርህ። እዚያው ባለህበት አገር ዳኛ ፊት ቀርበህ እውነቱን በመሐላ ትናገራለህ፤ ቃልህንም ወደዚህ ታስልካለህ። ለሎይስ ደግሞ ለብቻዋ፣ በራስህ እጅ፣ እናቷ ንጹሕ እንደነበረች ትጽፍላታለህ። ለማንም አታጽፍ፤ አታሳምረው፤ ሰበብ አትደርድር። እኔ እስካሁን አልነገርኳትም። ከእኔ ከሰማችው የአክስት ማጽናኛ ይመስላታል፤ የሳይለስንም ቃል የሰካራም ወሬ ነው ይሉባታል። አንተን ግን ታምንሃለች። በዓለም ላይ ከእኔ ቀጥሎ የምትወደው አንተን ነው፤ ይህንን ስጽፍልህ እንዴት እንደከበደኝ አንተው ገምት። ከገና በፊት ይድረስ። ሚስተር ታልቦት ታጋሽ ሰው ነው፤ እሷ ግን እምቢ ለማለት ቸኩላለች።

የላክኸው የዛፍ ስኳር ትናንት ደረሰ። ሎይስ «አጎቴ እኮ አይረሳንም» ብላ ሰባበረችውና፣ እንደ ልማዷ ራሴ እንዳነሳ ሳህኑን ገፋ አደረገችልኝ። ጥርሴን ያመኛል አልኳት። ጥርሴን አላመመኝም።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ፤ እጅህንም ያጽናልህ። ዕድሜህንም ያርዝመው፤ ቢያንስ ደብዳቤዋን ጽፈህ ፖስታ ቤት እስክታደርሳት ድረስ።

ያንተና የኬዚያ እህት፣
ዶርካስ