አባትሽ ያልተወጋው መርፌ

ደብረ ታቦር
ጥር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለእቴነሽ ውቤ
አሰብ

የሆዴ ልጅ፣ ከሁለት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ። እስካሁን ይጽፍልኝ የነበረው የአባትሽ የክርስትና ልጅ ማሩ ነው፤ ይህን ነገር ለእሱ ልነግረው አልችልም።

ከእንብርትሽ በታች እንደሚያምሽ፣ አማትሽም ፍል ውኃ ግቢ እንዳሉሽ ጽፈሻል። እኔም ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ሁለት ሳምንት ተዘፍዝፌ ነበር። ስመለስ ትኩሳቱ ባሰብኝ፤ መቀመጥ አቃተኝ። ሆዴ ቢነፋ ጎረቤት በስተርጅና አረገዘች ብሎ ሳቀብኝ።

በመጨረሻ እዚህ ሐኪም ቤት ገባሁ። ከማሕፀኔ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ ሐኪሙ በመርፌ ሲስበው መግል ወጣ። ጥቂት ውኃ ጤነኛ ሴትም ላይ ይገኛል፤ ዋናው ያመጣውን ማወቅ ነው አለኝ። ውኃ የቋጠረ እብጠት ሲፈነዳም ፈሳሹ ይመጣል አለ። ጽንስ ከማሕፀን ውጭ ሲያዝ ደግሞ እዚያው ደም ይጠራቀማል። ስለዚህ የወር አበባሽ ቀርቶ ሕመሙ ከጠናብሽ፣ ራስሽንም ካዞረሽ፣ ሳታድሪ ሂጂ። የእኔው ግን ከባል የሚመጣ ነበር። አሥራ አራት ቀን መርፌ ተወግቼ ዳንኩ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ «ባለቤትዎም ካልታከሙ ይመለስብዎታል» አለኝ።

ለአባትሽ ነገርኩት። «ለሴት በሽታ ሱሪዬን አልፈታም» አለ። ሦስት ጊዜ ለመንኩት። በአራተኛው ወር ሕመሙ ተመለሰብኝ። ዳግም ታክሜ ስወጣ ገሳይ ወደ አባትሽ ቤት አልተመለስኩም፤ እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይቼ ጠላ እጠምቃለሁ። አገሩ ሁሉ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ብትቆጥር ባሏን ጣለች ይላል። አንቺም አባቴን በስተርጅና ለምን ተውሽው ብለሽ አኮረፍሽኝ። ማሩ ብዕር ይዞ ፊቴ ተቀምጦ ምን ብዬ ልመልስልሽ?

ባልሽ ሹፌር ነው፣ መንገድ ያድራል። አልፈርድበትም። ብቻ ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ግቡ። እምቢ ካለሽ አትለምኚው፤ እኔ ለምኜ ያተረፍኩትን አየሽ። ትርፍ አልጋ አለኝ።

አባትሽን ሽንቱ ያቃጥለው ጀመር ሲሉ ሰማሁ። ስትጽፊለት እንዲታከም ንገሪው፤ ያንቺን ቃል ይሰማል። እኔ ያልኩሽ መሆኑን ግን አታንሺበት።

ማርያም በጎንሽ ትቁም፤ ልጅ አቅፈሽ ለማየት ታብቃኝ።

እናትሽ ጥሩወርቅ