ውሃ በአራት አስተማሪ

ሰኞ፣ መስከረም 12

ገበያው ቀዝቃዛ። ከሰዓት ልጄ ከኮሌጅ መጣች። ባልዲ እየደረደረችልኝ ወሬ ጀመረች። ዘንድሮ ትምህርት የሚመረጠው በጭብጥ ነው አለች። የእሷ ምርጫ «ውሃ»። ኬሚስትሪ፣ ሕግ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ... አራቱም ስለ ውሃ፣ አራቱም ባንድ ላይ።

«አካውንቲንጉስ?»

«እማ፣ ሁለቱን መያዝ አይቻልም።»

ሒሳቡን ትይዝልኛለች ብዬ ነበር። አዲሱን ሱቅ ለማን ብዬ ነው የተከራየሁት? ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

አራቱን ባንድ ማሰሩንማ አውቀዋለሁ። ቴርሞስ ሲፈለግ፣ አልሸጥ ያለውን የሻይ ማንኪያ አብሬ አስራለሁ። ታዲያ ከአራቱ ማንኪያው የትኛው ነው? ሥነ ጽሑፉ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

አላስችል አለኝ፤ ኮሌጁ ሄድኩ። መዝጋቢዋን ጠጋ ብዬ፣ «የኔ እመቤት፣ ብቻውን ቢሆን ተማሪ የማያገኘው የቱ ነው?» አልኳት። ግራ ቀኝ አየችና ሳቀች። «ታሪኩ። አምና ለወንበር ነው ያስተማሩት።»

ራት ላይ ለልጄ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ የመረጥኩት ለታሪኩ ነው። ሌሎቹን ነው ያሰሩብኝ።»

ማንኪያ ፈልጋ ቴርሞስ የምትሸከም... ከማን ወጣች?

ሐሙስ፣ መስከረም 15

እኅቴ ደወለች። «ውሃ ልትማር? ቧንቧ ከፍታ አትማርም?» ሳቅን። ከዚያ «ከልክያት እንጂ» አለች። ልከለክላት ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ... ወንዝ ሲበከል መጀመሪያ የሚጠራው ማን ነው፣ ውሃ መርማሪው ወይስ ዳኛው? ይህን የኬሚስትሪውና የሕጉ አስተማሪዎች ፊት ለፊት ይከራከሩበታል ብላኛለች ልጄ።

ዓርብ፣ መስከረም 16

ተመዝገቢ አልኳት። «ሱቁስ?» አለች። ሱቅ ሰው አያጣም አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አዲሱን ሱቅ የእኅቴ ልጅ ይዞታል። ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል።

ልጄ ዛሬ ጥያቄ ይዛ መጣች። ቧንቧ ሳይገባ እዚህ ሰፈር ውሃ የሚሸጠው ማን ነበር? ስንት ዘመን እዚሁ ስነግድ ጠይቄ አላውቅም። ከማዶ ያለው የልብስ ሰፊው ሽማግሌ አባት ሳያውቁ አይቀሩም አልኳት።

«ነገ እንሂድ እማ?»

«ነገ ለምን?»

ቅዳሜ፣ ያውም ገበያው በሞቀበት... መዝጊያውን ሳብኩት። ጎረቤቴ ብረት ሻጩ ደንግጦ ወጣ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም። የቤት ሥራ አለብን።»