የሸፊቃ ብልቃጥ

ጥቅምት 7፣ 1981

ውሃ ዛሬም የለም። በርሜሉ ሊያልቅ ነው።

ጠዋት ከጎረቤቴ ከሸፊቃ ጋር ክሊኒክ ሄድን። ዶክተር ዒልሚ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣው የጫማ ነጋዴው ልጅ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የሆኑ ጤነኞችን እየፈለገ ነው። አገሩ በበሽተኛ ተሞልቶ እሱ ጤነኛ ይፈልጋል። ሸፊቃ መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ነበር። ደማችንን ወስደው ለጦር ሜዳ ሊልኩት ነው ይባላል አለች። የሁለት አሮጊት ደም ምን ይረባቸዋል አልኳት።

ዶክተሩ አስረዳን። በደም ውስጥ ሆሞሲስቴይን የሚባል ነገር አለ። ሲበዛ የደም ሥር ሳይጎዳ አይቀርም፣ ስትሮክም ያመጣ ይሆናል... ቢ ቫይታሚን ይቀንሰው እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። ስትሮክን አውቀዋለሁ። እናቴን በስልሳ አራት ዓመቷ ጣላት። እህቴን በለጠችን በስልሳ አንድ። እኔ ስልሳ ሦስት ልይዝ ነው።

ጥቅምት 8

ክኒኑ ተሰጠን። ለእያንዳንዳችን ቁጥር የተለጠፈበት ብልቃጥ። ግማሹ ሰው እውነተኛውን ቫይታሚን ይወስዳል፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን። የቱ የማን እንደሆነ ዶክተሩም አያውቅም። በቀን አንድ፣ ለሦስት ወር። ማካፈልና መለዋወጥ ክልክል ነው። ይሄኔ ሸፊቃ ሳቀች። እኔና እሷ የቀበሌ ስኳር እንኳ ሳንካፈል ውለን አናውቅም።

ጥቅምት 11

ሸፊቃ በማለዳ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሽንቷ ቢጫ ሆኗል፣ ደማቅ ቢጫ። "ወላሂ፣ የወፍ በሽታ ነው የያዘኝ" አለች።

ዓይኗን ገልጬ አየሁ። ነጭ ነው። መዳፏም ደህና። ወዲያው ገባኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ነርስ ሆኜ ቢ ኮምፕሌክስ ለስንቱ ሰው አድያለሁ? የሁሉም ሽንት ቢጫ ይሆን ነበር፣ ምንም ጉዳት የለውም።

የእኔ ግን እንደ ውሃ ነው። ዛሬም፣ ትናንትም።

እውነተኛው እሷ ጋ ነው ያለው።

ለምን አልነገርኳትም? "እስቲ እንየው" ብቻ አልኳት። እያለቀሰች ሄደች።

ጥቅምት 13

እሑድ። ሳቢያን ሰፈር፣ እህቴ በለጠች ጋ ዋልኩ። ሾርባ በማንኪያ ሰጠኋት፣ በግራ በኩል ፈሰሰ። ስሜን ልትጠራ ሞከረች... "የ... የ..." እዚያው ላይ ቀረች። የባቡር ጣቢያ ስልከኛ የነበረች ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ከጅቡቲ ጋር ስታወራ የምትውል።

በጋሪ ስመለስ እጄን እየጨበጥኩ፣ እየዘረጋሁ። ግራውን። ቀኙን። ጋሪ ነጂው እጅሽን ያምሻል ወይ አለኝ።

ፈራሁ። በቀይ ሽብር ጊዜም ፈርቻለሁ፣ ያኔ ግን የምፈራው ሰው ነበር፣ በር ይዘጋበታል። አሁን የምፈራው የገዛ ጭንቅላቴን ነው።

ጥቅምት 14

አደረግኩት።

ክኒኑ አልተስማማሽም አልኳት ሸፊቃን። የእኔ ተስማምቶኛል፣ እንለዋወጥ፣ ለዶክተሩ ምን አስነገረን? ብልቃጡን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። "አቦ የኔነሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ቁጥሮቹን በሙቅ ውሃ ልጬ አቀያየርኳቸው። 

ጥቅምት 16

ቢጫ ሆነ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ። ግን ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 27

የደሙ ውጤት ከውጭ አገር መጣ። ክኒኑን ሳንጀምር የተወሰደው ነው። ዶክተር ዒልሚ የእኔን አስቀድሞ ነገረኝ። ዝቅተኛ። የሠላሳ ዓመት ሴት ደም ነው ብሎ ቀለደ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ በሩን ዘጋ። ነርስ ስለሆንኩ፣ ጎረቤቷም ስለሆንኩ ሊነግረኝ ፈልጎ ነው። ከአርባ ሁለት ሰው የሸፊቃ ከሁሉም ይበልጣል። በእጥፍ። መብዛቱ የግድ ስትሮክ ያመጣል ማለት እንዳልሆነ፣ ገና ማንም በእርግጠኝነት እንደማያውቅ ደጋግሞ ነገረኝ። ብቻ በዓይንሽ ጠብቂያት፣ እጇ ከደነዘዘ፣ ምላሷ ከተሳሰረ ሮጠሽ ነይ አለ።

ልወጣ ስል "ዕድል ካላት እውነተኛው ደርሷት ይሆናል" አለኝ።

ደርሷት ነበር።

ኅዳር 29

ክኒኑን አቁሜያለሁ። መልሼ ልስጣት? ለምን ስትለኝ ምን እላለሁ? ዛሬ በአጥሩ ላይ ሎሚ አቀበለችኝ። ስታወራ ምላሷን ነበር የማዳምጠው።

ታኅሣሥ 3

ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ዝም።

ባዶ እግሬን ሮጥኩ። ሸፊቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ። "እጄ አልታዘዝ አለኝ" አለች። ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ ሳቂ አልኳት። ምን ያስቃል ብላ አየችኝ። ሳቂ አልኩሽ... ሳቀች። ሁለቱም ከንፈር እኩል ተነሳ። ክንዷን አሸሁላት። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቿን ውርር አደረጋቸው፣ ከዚያ ተንቀሳቀሱ። ተኝታበት ኖሯል። ሌላ ምንም አይደለም።

እሷ ዳነች፣ እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ቢጫው ምን እንደሆነ። ማወቄን። መለዋወጡን። የደሟን ቁጥር። 

"እኔ እኮ ያኔ ቢጫውን አይቼ ሞቴ ነው ብዬ ለልጆቼ ተናዝዤ ነበር" አለች ስጨርስ።

ፈርቼ ነው አልኳት። በለጠችን አይቼ ፈርቼ ነው።

"ብትጠይቂኝ ብልቃጡን እንዳለ እሰጥሽ ነበር።"

 ስብርባሪውን ለቅሜ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 4

ለዶክተሩ ነገርኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሁለታችንን ስም ከመዝገቡ ሰረዘ። ለሸፊቃ የቢ አሥራ ሁለት ቫይታሚን መርፌ አዘዘላት፣ በሳምንት አንዴ። ለእኔ ምንም አላዘዘም፣ ጤነኛ ነሽ አለኝ።

ታኅሣሥ 12

ሸፊቃ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። መርፌ የሚወጋ ሌላ ሰው በሰፈሩ የለም፣ ቢኖር ወደዚያ ትሄድ ነበር። መርፌውን ቀቀልኩ። እሷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ሙቀቱም ትንሽ አወራን።

ሃያ ስምንት ዓመት ወግቻታለሁ። በወሊዷ፣ በወባዋ፣ በሳንባ ምቿ። ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ ስለ ገበያ እያወራች ነበር ክንዷን የምትሰጠኝ። ምን ልወጋት እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም።

ዛሬ አልዞረችም። "እስቲ አምጪው" አለች። የመድኃኒቱን አምፑል ሰጠኋት። ውስጡ እንደ ቪምቶ ለስላሳ ቀይ ነው። የፈረንጅ ፊደል ማንበብ አትችልም። የዶክተሩን ወረቀት ከጉያዋ አወጣች፣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ አምፑሉን አጠገቡ አድርጋ ፊደል በፊደል አስተያየች። ቆየች። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ይሁን" ብላ መለሰችልኝ።

መድኃኒቱን ሳብኩ። ወጋኋት፣ ነቀልኩ፣ ጥጡን ያዝኩላት። ሸፊቃ እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሳችም።